ውስጡ ቆመን የፈለግነው ባሕር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እኅቴ ለእትዬ ሰዓደት፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ጤናዎ እንዴት ነው እትዬ? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብዎት የወገብ ሕመም አሁን በበጋው ተወዎት ወይስ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ምሰሶውን ይዘው ነው የሚነሡት? ጋሽ ባህረዲንስ ደኅና ናቸው? ልጆቹስ? ከብቱስ? እንሰቱን ውርጭ አልመታብዎትም? እኔ አልሐምዱ ሊላህ፣ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለኝ ነገር የለም። እግሬ ብቻ ውኃ ቋጥሯል፤ በምን ምክንያት እንደቋጠረ ወደ ታች ሲያነቡ ይደርሱበታል። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማሩት ንባብ እንዳያስቸግርዎት ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌ ስለምጽፍ ወረቀቱ በዝቷል። አይደንግጡ፣ ክፉ ወሬ የለበትም።

የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል። እኩዮችህ የልጅ አባት ሆነዋል፣ አንተ ከጆንያ ጋር ትኖራለህ፤ ወይ ረመዳን ሳይገባ የመረጥካትን ልጅ ስም ንገረኝ፣ ወይ እኔ ለነዱንያ ቤት ቃሌን እሰጣለሁ ብለዋል። መጀመሪያ ሣቅሁ፤ ሲመሽ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ዱንያ ጨዋ ልጅ ናት፣ ስሟን በክፉ የሚያነሣ አፍ ይድረቅ። ችግሩ ግን ስም አጥቼ አልነበረም እትዬ። ስም ካገኘሁ ቆይቻለሁ፣ ከአፌ ማውጫው ነው የጠፋኝ። ሀፍሷ ናት፣ የሱፍያን እኅት።

ሱፍያንን ያውቁታል፤ ለሕክምና የመጡ ጊዜ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥቶ ዕቃዎን የተቀበለዎት ያ ወፍራም ሳቂታ ሰውዬ ነው። እህል በረንዳ መጋዘናችን ጎን ለጎን ነው። ከአገር ወጥቼ ጆንያ ስሸከም በነበረበት ጊዜ፣ ጀርባህ ሳይሰበር ምላስህን ሥራ አስይዘው ብሎ በመጋዘኑ በር ላይ ሽምብራና ምስር ያስቸረቸረኝ እሱ ነው። ከሲኒማ ራስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ግቢያቸው ጓሮ አንዲት ክፍል ሰጠኝ። እናታቸው አላህ ይማራቸውና ከሞቱ በኋላም ማታ ማታ የምበላው ከእሱና ከሀፍሷ ገበታ ነው። አንደበቴን ያሰረውም ይኸው ገበታ ነው። እንደ ወንድም አስገብቶ ያበላኝን ሰው ምን ብዬ እኅትህን ስጠኝ እለዋለሁ? ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ ቢለኝስ? ወዳጄም ይሄዳል፣ ቤቴም ይሄዳል፣ እሷንም ዳግመኛ አላያትም። ይህን እያሰብኩ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ምስር ዋጋ አውርቼ ዘግቼዋለሁ።

አሁን ወደ እግሬ ልምጣ። ኬላው ተነሥቶ እህል እንደ ልብ መግባት ከጀመረ ወዲህ የሱፍያን ንግዱም ቦርጩም ገፍቷል። ባለፈው ወር ትንፋሽ ሲያጥረው ሐኪም ዘንድ ሄደና መድኃኒትህ በእግር መሄድ ነው፣ ጉልበትህ ግን ደካማ ስለሆነ ዳገት አትውጣ፣ ሜዳ ፈልግ ተባለ። ከሲኒማ ራስ አውቶቡስ ተራ ለመሄድ ታክሲ የሚይዝ ሰው እኮ ነው። ነገር ከያዘ ደግሞ አይለቅም። ሸራ ጫማ ገዛ፣ ባርኔጣ ገዛ፣ እኔንም ብቻዬን አልሄድም፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ አለኝ። ሜዳውንም ራሱ መረጠ፤ በቾ ነው አለ።

በቾ የተመረጠው በሽምብራ ምክንያት ነው። ከዚያ አገር የሚመጡልን ገበሬዎች ጆንያውን ሲያወርዱ ይሄ የባሕሩ ነው ይሉናል። እኛም ዘግነን ለገዢ እያሳየን የባሕሩ ሽምብራ ነው፣ ቅመሰው እንላለን። ዓመት ከዓመት እንዲህ ስንል ነው የኖርነው። ስለዚህ ሱፍያን በቾ ላይ ባሕር እንዳለ፣ ሽምብራውም ዳር ዳሩን እንደሚበቅል ለአፍታ እንኳ ተጠራጥሮ አያውቅም፤ እኔም እንደዚያው። ሳምንቱን ሙሉ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ስለ ባሕሩ ሲያወራልኝ ሰነበተ። ዳሩ ሣር ነው፣ ወፍ አለ፣ ታንኳም አይጠፋም ይለኛል። በመጨረሻ ለእኔም ታንኳው ይታየኝ ጀመር።

ዓርብ ከጁምዓ ስንመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ የማማክርህ ጉዳይ አለኝ፣ ሰው በሌለበት፣ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን አለኝ። ደነገጥኩ። የልቤን ከዓይኔ አንብቦት ክፍሉን ልቀቅልኝ ሊለኝ ነው አልኩ። ቢሆንም የእርስዎ ቃል ከኋላ ይገፋኝ ስለነበር እኔም ቆረጥኩ። ባሕሩ ዳር እንደተቀመጥን እሱ ሳይቀድመኝ እነግረዋለሁ፤ ውኃ እያዩ ሲያወሩት ነገር ይቀላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እሑድ ገበያው ዝግ ነው። ሀፍሷ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጠረችልን፣ ሻይ በፔርሙስ ሞላችልን። ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍረን ተፍኪን አለፍ እንዳልን ወረድንና ከአስፋልቱ ወደ ግራ ገባን። እትዬ፣ እርስዎ ዳገት ላይ ተወልደው ዳገት ላይ የተዳሩ ስለሆኑ ይህን ሜዳ ብነግርዎትም አያምኑኝም። ምድሩ እንደ ሰፌድ ዝርግ ነው። ዛፍ የለው፣ ድንጋይ የለው። በኛ አገር አንዱን ጉብታ ሲያልፉ ወንዝ ይመጣል፣ ወንዙን ሲሻገሩ የሰው ቤት ይመጣል፣ እግር ቢደክም ዓይን አይሰለችም። እዚህ ግን ስንነሣ ያየሁትን የቆርቆሮ ቤት ብዙ ሄደን ዞር ስል ያው እዚያው ተገትሮ ያየኛል። መሬቱ ጥቁር ነው፣ ፀሐዩ ሰንጥቆታል፣ እግር ይይዛል። ሱፍያን መጀመሪያ ላይ አየሩን ሳበው፣ ሳበው ይለኝ ነበር፤ ኋላ እሱም መሳቡን ተወ።

አንድ ነገር ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። ለካ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ አንድ መስመር ይዘን ነው የምንሄደው። መርካቶ እኮ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መሄድ አይችልም፤ ኩሊ ዞር በል ይላል፣ ጋሪ ይመጣል፣ ትከሻ ይገፋል፣ ስለዚህ ተከታትሎ መሄድ ለምዶብናል። እዚያ ግን የሚገፋ የለ፣ ዞር በል የሚል የለ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ እኛ ብቻ ነን፤ እኛ ግን ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተከታትለናል። ይባስ ብሎ ሱፍያን ሌባ እንዳይገባበት የሱሪ ኪሱን በእጁ ጨብጧል። ጎን ለጎን እንሂድ አልኩት። እሺ ብሎ ትንሽ እንደሄድን መልሶ ከፊቴ ገባ። ከባሕሩ በፊትም ቢሆን ልንገረው ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር። ግን እትዬ፣ ለሰው ጀርባ እኅትህን ስጠኝ ይባላል?

ሽምብራው መታየት ሲጀምር ባሕሩ ቀረበ ብለን ተደሰትን። ኩበት የተሸከመች ሴትዮ መንገድ ላይ አገኘንና ባሕሩ በየት ነው አልናት። አማርኛ ብዙም አልነበራትም፤ የኛም ኦሮምኛ የገበያ ነው፣ ከዋጋ አያልፍም። ባሕር፣ ባሕር ብንላት ገባትና በአገጯ ሩቅ አሳየችን። ፀሐይ አናታችን ላይ ወጥታ፣ ርቦን፣ አዲሱ ጫማ ሱፍያንን እየነከሰው፣ ከጎረቤት የተዋስኩት ጫማ ደግሞ እኔን እየላጠኝ ወዳሳየችን ስንጓዝ ቆየን። ስንደርስ አንድ ባሕር ዛፍ ብቻውን ቆሟል። ሥሩ አንድ ውሻ ተኝቷል። ውኃ የሚባል ነገር የለም። ሱፍያን ዛፉን ሽቅብ አይቶ አይቶ፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ ባሕር አልናት፣ ባሕር ዛፍ ሰጠችን አለ። ቢያንስ ጥላው ሥር እንብላ ስለው እምቢ አለ። ባሕሩ ዳር እበላለሁ ብዬ መጥቼ ውሻ አጠገብ አልበላም ብሎ ተነሣ።

እንደገና ሽምብራ ለሽምብራ ስንሄድ ከሩቅ ጩኸት ሰማን። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን እያወዛወዙ ወደ እኛ ይመጣሉ። ከባሕሩ ውጡ፣ ባሕሩን ረገጣችሁት ይላሉ። እኔ ሰውዬው ፀሐይ መቷቸዋል መሰለኝ። ሱፍያን ግን ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ደረቅ መሬት ነው የቆመው። ሲደርሱ ሰላም ብለን፣ አባቴ፣ እኛስ ባሕሩን ፍለጋ ጠዋት የወጣን ሰዎች ነን፣ ወዴት ነው አልናቸው። ቶላ ይባላሉ። ከላይ እስከ ታች አዩንና፣ የቆማችሁበት ነው አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው እትዬ። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ይሸፍነዋል፤ እነሱ ባሕሩ የሚሉት ያንን ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ውኃው ይሸሻል፣ እነሱም ጭቃው ሳይደርቅ እየተከተሉ ሽምብራቸውን ይዘሩበታል። የባሕሩ ሽምብራ ማለት ከባሕሩ ሆድ የበቀለ ማለት ነው እንጂ ከዳሩ አይደለም። ስሙን ስንጮህበት የኖርነውን ነገር እኛ እህል በረንዳዎቹ ሳናውቅ፣ ባሕሩ ውስጥ ገብተን ከጠዋት ጀምሮ ባሕሩን እንፈልጋለን። ሐምሌ ላይ ብትመጡ ኖሮ እስከ አንገታችሁ ታገኙት ነበር አሉ ሰውዬው። ሱፍያን ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ዘጭ አለ። እንደዚያ ያዘነ ሰው ያየሁት ሱቅ የተቃጠለበት ብቻ ነው። አቶ ቶላ ሽምብራቸውን የምንገዛው ሰዎች መሆናችንን ሲሰሙ ቁጣቸው በረደ፤ እሸቱን ከነሥሩ ነቅለው አንዳንድ እቅፍ ሰጡንና የገባባቸውን ከብት ሊመልሱ ሄዱ።

እንቁላሉንም ዳቦውንም እሸቱንም እዚያው ፀሐይ ላይ ተቀምጠን በላን። ሻዩ ቀዝቅዟል። እኔ ውኃ ስለሌለ ነገሬን ለሌላ ቀን ላሳድረው እያልኩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ባሕሩ በመጥፋቱ ቀለል ብሎኝ ነበር። ሱፍያን ግን እሸቱን እየፈለፈለ፣ እንግዲህ ባሕሩ ዳር ካልን ባሕሩ ውስጥ ነን፣ የማማክርህን ልንገርህ አለኝ። ለሀፍሷ ሽማግሌ መጥቷል አለ። የአንድ ትልቅ ጨርቅ አስመጪ ልጅ ነው፣ ሀብታም ናቸው፣ ስማቸውም መልካም ነው፣ የፊታችን ዓርብ መልስ ስጠን ብለውኛል፣ አንተ እንደ ወንድሟ ነህ፣ ምን ትላለህ አለኝ።

እንደ ወንድሟ የምትለዋ ቃል ከጫማው ይልቅ ላጠችኝ። አይሆንም አልኩት። ለምን አለኝ። እትዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ በእናታቸው ዱዓ የሚጀምር፣ ውለታውን የሚያነሣ፣ ዞሮ ዞሮ ነገሩ ላይ የሚያርፍ። አንዱም ቃል አልመጣልኝም። እኔ ስላለሁ ብቻ አልኩት።

እጁ ላይ የነበረውን እሸት እንደያዘ ቀረ። አየኝ። ዓይኔን ወዴት እንደማሸሸው አጣሁ፤ ሜዳው እንደሆነ ምንም የሚታይ ነገር የለው። ከዚያ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ተነሥ አውቶቡስ እንዳያመልጠን አለኝ። በመጣንበት መንገድ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ተመለስን። አውቶቡስ ውስጥም በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ዝም እንዳለ ነው። እኔ ፍራሼንና ሣጥኔን ማን ዘንድ እንደማስቀምጥ ሳስብ ነበር። ወዳጄን አጣሁት ብዬ ነበር እትዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ግቢ ስንደርስ ሊመሽ ነው። ሀፍሷ በሩን እንደከፈተች ጀመረች። ሀፍሷ ስትናገር የሚያቆማት የለም፤ ጎረቤት ሁሉ ሬዲዮ አያስፈልገንም ይላል። ባሕሩስ እንዴት ነው፣ ታንኳስ አለው፣ እንቁላሉ ጨው በቃው ወይ፣ ምነው ፊታችሁ ጠቆረ፣ ያ ጫማ ነው ወይስ አቧራ፣ ብላ ሳትጨርስ ሱፍያን ባሕሩ ደርቋል ብሏት ገባ። መግሪብ ሰግደን ሻይ ቀረበ። እኔ ቶሎ ጠጥቼ ወደ ክፍሌ ልሄድ ስነሣ ተቀመጥ አለኝ። ተቀመጥኩ።

ሀፍሷን ጠርቶ ፊት ለፊቱ አስቀመጣትና የጨርቅ አስመጪውን ልጅ ነገር ነገራት። እሷም ያዘችው። በሱቃቸው ስታልፍ ሰላምታ የማይመልስ መሆኑን ተናገረች፤ ከነሱ የተገዛ ሻሽ በመጀመሪያው እጥበት እንዴት ቀለሙ እንደሄደ ተናገረች፤ እናቱ ለቅሶ ቤት የተናገሩትን አመጣች፣ የመኪናውን ጥሩምባ አመጣች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ እኔ አንተን ጥዬ ብሄድ ማን ያበላሃል አለችው። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተናገረች። ሱፍያን አላቋረጣትም። ስትጨርስ ረጋ ብሎ፣ ሙናዊርስ አላት።

ዝም አለች።

ለእርስዎ አልነግርዎትም፣ ወጉን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ልጅ ስትጠየቅ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው። ሌላዋ ልጅ ብትሆን አፍራ ነው ይባል ነበር። ሀፍሷ ግን ዝም አለች። ሱፍያን ያውቃታልና ትናገር እንደሆነ ብሎ ጠበቃት። ዓይኗን የሻይ ሰሐኑ ላይ ተክላ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ተነሥታ እስክትወጣ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣትም። ከዚያ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ደስታዬን በምን እንደምነግርዎት አላውቅም እትዬ፣ እግሬ መቁሰሉንም ረሳሁት።

ሱፍያን ከቆየ በኋላ ነው ወደ እኔ የዞረው። መንገዱን ሁሉ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ መሰለህ አለኝ። የእሷን ሳልጠይቅ የእኔን ብነግርህ ልክ አይሆንም ብዬ ነው እንጂ፣ አንተ ቀደም ብለህ ተናግረህ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሜዳ አንለካውም ነበር አለኝ። ሲሥቅ ቦርጩ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ፣ በል እንግዲህ፣ እኔ ሽማግሌ ሳይመጣብኝ እኅቴን የምሰጥ ሰው አይደለሁም፣ ለእኅትህ ጻፍ አለኝ።

ይኸው ጻፍኩ። ለነዱንያ ቤት ቃልዎን እንዳይሰጡብኝ አደራ። ሰጥተውም እንደሆነ ጥፋቱ ዘግይቼ የተናገርኩት የእኔ ነው፤ ይቅርታውን እኔው መጥቼ እጠይቃለሁ፣ ለእሷም ከእኔ የተሻለ አላህ ያዘጋጅላት። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ነው የቀረው። ጋሽ ባህረዲን ከሚሆኑ ሽማግሌዎች ጋር ከዚያ በፊት ቢደርሱልኝ፣ ኒካሑን ከዒድ በኋላ እናደርገዋለን። እርስዎም ወገብዎ ከፈቀደልዎት አይቅሩብኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ የሌሉበት ደስታ ለእኔ ግማሽ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት የአገራችን የቅበት ልጅ ስለሆነ መልስዎን በእሱ ይላኩልኝ።

ለጋሽ ባህረዲን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ፤ ሽማግሌ ሆነው ሲመጡ ሱፍያን ስለ ባሕሩ ሽምብራ ካነሣባቸው እንዳይሥቁበት ይንገሩልኝ፣ ቁስሉ ገና አልሻረለትም። ከልጆቹ ሙዘይን በትምህርቱ እንዲበረታ፣ ረውዳም ጥርሷ ሲበቅል እንድልክላት የጠየቀችኝን አሻንጉሊት በሽማግሌዎቹ እጅ እንደምልክላት ይንገሩልኝ። አክስታችንን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ፤ ዱዓቸው ደርሷል ይበሏቸው። ለጎረቤት ሁሉ፣ ጤናዬን ለጠየቀም ላልጠየቀም፣ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሱፍያን በጣም ሰላም ብሎዎታል። ሀፍሷም ሰላም ብላለች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ እሷ ግን ከእሑድ ማታ ጀምሮ እኔ ባለሁበት ገና ዝም እንዳለች ናት።

ወንድምዎ ሙናዊር
መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ አዲስ አበባ
ጥር ፱ ቀን ፲፱፻፹፯ ዓ.ም.